የሳፋሪ ድንኳን ስትመርጡ መጀመሪያ መሬቱን እዩ

ሳፋሪ ለመሄድ ያሰበ ሰው ሲያማክረኝ የሚያሳየኝ ፎቶ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። እንጨት ወለል ላይ የተተከለ ሰፊ ድንኳን፣ ነፋስ የሚያውለበልበው ነጭ መጋረጃ፣ የመዳብ መታጠቢያ ገንዳ፣ ከጀርባ ማለቂያ የሌለው ሣር። ከዚያ ሁለተኛውን ካምፕ ያሳየኛል። እሱም ያው ነው፤ ገንዳው ብቻ ነጭ ነው። «የቱ ይሻላል?» ይለኛል። «የት የት ናቸው?» ስለው «ሁለቱም ማራ» ይላል። ኬንያ ውስጥ ያለው ማራ ግን ሰፊ አገር ነው። አንዱ ካምፕ ያደረ ሰው አንድ አንበሳ ከሃያ መኪና ጋር ተጋፍቶ ያያል። ሌላው ጋ ያደረ ያንኑ አንበሳ ብቻውን ያየዋል። ዋጋቸው ግን ተቀራራቢ ሊሆን ይችላል።

ሸራው የትም ሸራ ነው። አልጋው ምቹ፣ ምግቡ ጥሩ፣ ሠራተኛው ፈገግተኛ ነው። በዚህ ዋጋ ይህ ሁሉ ካልተሟላማ ጉድ ነው። ቀኑን ግን የምታሳልፉት ድንኳን ውስጥ አይደለም። ጠዋት ለአራት ሰዓት ያህል፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሦስትና አራት ሰዓት መኪና ላይ ናችሁ። ስለዚህ የጉዞውን ጣዕም የሚወስነው መሬቱና የመሬቱ ሕግ ነው። ስንት መኪና ይገባል? ከመንገድ መውጣት ይፈቀዳል? ሲመሽስ? በእግርስ? እኔ ካምፕ የማወዳድረው በዚህ ነው፤ ገንዳውን መጨረሻ ላይ አየዋለሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ማራ፦ ጥብቅ ስፍራው ወይስ ኮንሰርቫንሲው

ነገሩ ወዲህ ነው። «ማሳይ ማራ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው መንግሥታዊውን ጥብቅ ስፍራ ነው። ስፋቱ 1,510 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በናሮክ ካውንቲ ሥር ነው። ከሱ በስተሰሜንና በስተምሥራቅ ግን ሌላ ሰፊ መሬት አለ። አጥር የለውም፤ እንስሳቱ እንደልባቸው ይመላለሳሉ። ባለቤቶቹ የማሳይ ቤተሰቦች ናቸው። ድሮ በጋራ የተያዘ የግጦሽ መሬት ነበር። ኋላ ተሸንሽኖ ለየቤተሰቡ ካርታ ተሰጠበት። ያኔ ምርጫው ግልጽ ሆነ፤ ወይ አጥሮ ማረስ፣ ወይ መሸጥ፣ ወይ ተባብሮ ማከራየት። የሚያከራዩት በዙ። እንዲህ ከመንግሥት ፓርክ ውጭ ባለቤቶቹ ለዱር እንስሳት የጠበቁት መሬት ኮንሰርቫንሲ ይባላል። ኦል ኪንየይ በ2005፣ ኦላሬ ኦሮክ በ2006፣ ማራ ኖርዝ በ2009፣ ናቦይሾ በ2010 የተመሠረቱት በዚህ መንገድ ነው። ኦላሬ ኦሮክ ኋላ ከጎረቤቱ ጋር ተዋህዶ ዛሬ ኦላሬ ሞቶሮጊ ይባላል። የኬንያ ሕግ ለኮንሰርቫንሲዎች በይፋ ዕውቅና የሰጠው በ2013 በወጣው የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ ነው።

ካምፖቹ ለባለመሬቶቹ በኤከር እየተሰላ ኪራይ ይከፍላሉ። እንግዳ መጣም ቀረም ኪራዩ ይከፈላል፤ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በምላሹ ባለመሬቱ አያርስም፣ አያጥርም፣ ከብቱንም በወጣለት ፕሮግራም ብቻ ያሰማራል። አንዳንድ እንግዳ የላም መንጋ ሲያይ «ምነው፣ ሳፋሪ አይደለም እንዴ?» ብሎ ያጉረመርማል። ኧረ ተዉ! መሬቱ የላሞቹ ነው፤ እኛ ነን እንግዳ።

ሕጉ ደግሞ እናንተን በቀጥታ ይመለከታል። በኦላሬ ሞቶሮጊ የተያዘው ስሌት ለአንድ ድንኳን 700 ኤከር ነው። ወደ 283 ሄክታር፣ ማለትም ወደ 400 የሚጠጋ የኳስ ሜዳ ለአንድ ድንኳን ማለት ነው። አንድ እንስሳ ዘንድ ከአምስት መኪና በላይ አይቆምም። ስድስተኛው ራቅ ብሎ ተራውን ይጠብቃል። ከመንገድ መውጣት፣ በምሽት መውጣት፣ ከአስጎብኚ ጋር በእግር መሄድ ይፈቀዳል። በጥብቅ ስፍራው ውስጥ እነዚህ ሦስቱም ክልክል ናቸው። ሲመሽ ከበር መውጣት ወይም ካምፕ መግባት ግዴታ ነው።

ልዩነቱን በአንድ ቀን ውስጥ አየሁት። ጠዋት ጥብቅ ስፍራው ውስጥ አንዲት አቦሸማኔ ከነግልገሎቿ ምስጥ ኩይሳ ላይ ተቀምጣለች። ሚዳቋ አይታ ጆሯዋን ቀሰረች። መኪናው ሁሉ ሞተሩን አስነሳ። አንዱ ሊቀድም ሲሞክር ሌላው መንገድ ዘጋበት፣ ሬዲዮው ተንጫጫ፣ ሚዳቋዋም ሄደች። አቦሸማኔዋ ተመልሳ ተኛች፤ የተራበ እንስሳ ምሳውን በእኛ ምክንያት አጣ። ማታ ደግሞ ኮንሰርቫንሲው ውስጥ አስጎብኚያችን ሞተሩን አጠፋ። ባልደረባው በቀይ መብራት ቀስ ብሎ ሣሩን ዳሰሰ። ቀይ የሆነው የእንስሳቱን ዓይን እንዳያውር ነው። ሁለት ጠብታ የምታህል ብርሃን ታየች፣ ጠፋች፣ እንደገና ታየች። ቀጠን ያለች፣ ጆሮዋ ከፊቷ የሚተልቅ የሣር ድመት ነበረች። ዘላ አይጥ ያዘች። አንድም ሌላ መኪና አልነበረም። አይጥ የምትይዝ ድመት እንዲህ ታስደስተኛለች ብዬ አስቤ አላውቅም።

ታዲያ ጥብቅ ስፍራው ምን ይጠቅማል? ወንዙ እዚያ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ዊልድቢስት የሚባሉት በመንጋ የሚጓዙ ትልልቅ ሣር በል እንስሳት የማራን ወንዝ ሲሻገሩ የሚታዩባቸው ታዋቂ ቦታዎች በጥብቅ ስፍራው ውስጥ ናቸው። ምዕራባዊ ክፍሉ ማራ ትራያንግል ይባላል፤ ከ2001 ጀምሮ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ያስተዳድረዋል፣ ሥርዓቱም ጠበቅ ያለ ነው። ልባችሁ መሻገሪያው ላይ ከሆነ፣ ከኮንሰርቫንሲ እየተመላለሳችሁ ለማየት ከመሞከር ሁለት ሌሊት ትራያንግል ማደር ይሻላል። ከናቦይሾ ተነስቶ ወንዙ ጋ ለመድረስ ረጅም መንገድ ነው። መግቢያውም ቀላል አይደለም። ከ2024 ጀምሮ ለውጭ ጎብኚ ከጥር እስከ ሰኔ በቀን 100 ዶላር፣ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ 200 ዶላር ነው። ቲኬቱ የሚሠራውም ከንጋት እስከ ምሽት ለ12 ሰዓት ነው። «ለአንድ ቀን ጎራ ብለን እንመለሳለን» የሚለው ዕቅድ ለሁለት ሰው 400 ዶላር ነው ማለት ነው። ያውም ወንዙ ዳር ስድስት ሰዓት ቆማችሁ፣ መንጋው ውሃውን አይቶ አይቶ ሊመለስ ይችላል። እንስሳ ቀጠሮ አያውቅም።

የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። አምስት ሌሊት ካላችሁና ወቅቱ ከሆነ ሁለቱን ትራያንግል፣ ሦስቱን ኮንሰርቫንሲ። ሦስት ሌሊት ብቻ ካላችሁ ሦስቱንም ኮንሰርቫንሲ፤ መሻገሪያው ይቅርባችሁ። ከጥር እስከ መጋቢት የምትሄዱ ከሆነማ ማሰብም አያስፈልግም። ወቅቱ ደረቅ ነው፣ የድመት ዘር (አንበሳ፣ ነብር፣ አቦሸማኔ) ሞልቷል፣ ዋጋውም ቀነስ ይላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ስሙ ላይ «ኮንሰርቫንሲ» የሚል ስለለጠፈ ብቻ አትመኑ። እኔ አንድ ጊዜ እንደዚያ ተሸውጃለሁ። ካምፑ ከኮንሰርቫንሲው ወሰን ውጭ ነበር። በየጠዋቱ 40 ደቂቃ በመንደር መሃል እያቋረጥን ነበር የምንገባው፤ ማታ መውጣትም አልተፈቀደልንም። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት ካርታ ላይ አሳዩኝ እላለሁ። ወሰኑን አስምረው፣ ድንኳኑን ነጥብ አድርገው።

ላይኪፒያና ከዚያ በላይ ያለው ሰሜን

ማራ የአንበሳ፣ የአቦሸማኔና የነብር አገር ነው። ላይኪፒያ የአውራሪስ ነው። ከኬንያ ተራራ በስተሰሜን ምዕራብ ያለ ከፍታ ነው፤ ማለዳው ይቀዘቅዛል፣ ጃኬት ያስፈልጋል።

ሌዋ ድሮ የከብት እርባታ ነበር። በ1983 ከፊሉ ለአውራሪስ መጠለያ ተከለለ። በ1995 ደግሞ ሙሉው መሬት ኮንሰርቫንሲ ሆነ። ስፋቱ 250 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ2013 ከኬንያ ተራራ የዓለም ቅርስ ጋር ተቀላቅሎ ተመዘገበ። ከጎረቤቱ ከቦራና ኮንሰርቫንሲ ጋር የሚለያየው አጥር በ2014 ስለፈረሰ አሁን አውራሪሶቹ በሁለቱም ይንቀሳቀሳሉ። ኦል ፔጄታ የሚባለው ሌላው ኮንሰርቫንሲ ደግሞ 360 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ሁለቱ የሰሜን ነጭ አውራሪሶች፣ ናጂንና ፋቱ፣ የሚኖሩት እዚያ ነው። እናትና ልጅ ናቸው። የመጨረሻው ወንድ፣ ሱዳን የሚባለው፣ በመጋቢት 2018 ሞተ። አጠገባቸው መቆም የሳፋሪ ስሜት የለውም፤ ለቅሶ ቤት የመድረስ ያህል ነው። ቢሆንም ሂዱ።

በሁለቱ መካከል ለመምረጥ፦ ኦል ፔጄታ ለቀን ጎብኚም ክፍት ነው፤ ስለዚህ መኪና ይበዛል፣ ማደሪያው ግን ከተራ ድንኳን መትከያ እስከ ቅንጦት አለ። ሌዋና ቦራና ጸጥ ያሉና ውድ ናቸው። እዚያ መኪና ሲሰለቻችሁ በፈረስ፣ በእግር ወይም በብስክሌት መውጣት ይቻላል። ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ከማራ ላይኪፒያን እመርጣለሁ። የስምንት ዓመት ልጅ ለአራተኛ ጊዜ የተኛ አንበሳ ስታሳዩት ዓይኑን ስልክ ላይ ነው የሚተክለው።

እዚህ የምታዩት የሜዳ አህያ እንደ ማራው አይደለም። ጆሮው ክብ፣ መስመሩ ቀጭንና የተጠጋጋ ነው። የግሬቪ የሜዳ አህያ ይባላል። ስሙ የመጣው በ1882 ከአቢሲኒያ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ በስጦታ ከተላከ አንድ እንስሳ ነው። በዱር የቀሩት ከ3,000 ገደማ አይበልጡም፤ አብዛኞቹ ሰሜን ኬንያ ናቸው። እንስሳው ከእኛ ሄዶ ስሙን ከፓሪስ ይዞ መመለሱ ሁሌም ይገርመኛል።

ወደ ሰሜን ጥቂት በረራ ከፍ ስትሉ የሳምቡሮች፣ ማለትም የሰሜን ኬንያ አርብቶ አደሮች፣ ናሙንያክ አለ፤ በ1995 የተመሠረተ ኮንሰርቫንሲ ነው። ጥቅጥቅ ያለ የእንስሳ ብዛት አትጠብቁ። የምትሄዱት ለመልክዓ ምድሩና ለሰዉ ነው። በደረቅ ወቅት እረኞች የወንዝ አሸዋ ውስጥ ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ውሃውን በባልዲ እየተቀባበሉ ሲያወጡ ይዘፍናሉ። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ዜማ አለው፤ ከብቶቹም ዜማቸውን ለይተው ወደ ጉድጓዳቸው ይመጣሉ። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። እዚያው በ2016 የተከፈተው ሬቴቲ የሚባል የሙት ልጅ ዝሆኖች ማሳደጊያም አለ፤ የሚያስተዳድረው ማኅበረሰቡ ራሱ ነው። የመጀመሪያ ሳፋሪያችሁ ከሆነ ግን ናሙንያክን ብቻውን አትምረጡ፤ ከማራ ጋር አጣምሩት።

ኦካቫንጎ፦ ኪስ የሚጎዳው

ቦትስዋና ሆን ብላ የያዘችው መንገድ ጥቂት እንግዳ፣ ብዙ ዋጋ ነው። ኦካቫንጎ ዴልታ በኮንሴሽን ተከፋፍሏል። አንዱ ኩባንያ በአስር ሺዎች ሄክታር የሚቆጠር መሬት ይከራይና ጥቂት ትንንሽ ካምፕ ብቻ ይተክላል። አንዳንዱን መሬት የመንደር ማኅበራት ናቸው የሚያከራዩት። ብቸኝነት ከፈለጋችሁ ከኦካቫንጎ የሚደርስ የለም። ቀኑን ሙሉ ሌላ መኪና ሳታዩ ልትውሉ ትችላላችሁ። ለዚህም ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባለው ውድ ወቅት በጥሩ ካምፕ ለአንድ ሰው በሌሊት ከ1,500 ዶላር በላይ መክፈል የተለመደ ነው፤ ምርጥ የሚባሉት ከዚያ በእጥፍ ይሄዳሉ። የማራ ኮንሰርቫንሲ ካምፖች ከ500 ዶላር አካባቢ ጀምሮ ይገኛሉ።

ስለ ውሃው አንድ ነገር ልብ በሉ። ዴልታውን የሚሞላው እዚያው የሚጥለው ዝናብ ብቻ አይደለም። አንጎላ ደጋ ላይ የዘነበው ውሃ ወራት ፈጅቶ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ውሃው ከፍ የሚለው ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ አገሩ ደርቆ ሰማዩ ሲጠራ ነው። በሞኮሮ፣ ማለትም አንድ ሰው ቆሞ በረጅም እንጨት እየገፋ በሚነዳት ጠባብ ታንኳ፣ በሸምበቆ መሃል መንሸራተት ያኔ ያምራል። ዓመቱ ግን አይመሳሰልም። በ2019 በድርቁ ምክንያት ውሃው እጅግ ቀነሰ። ደግሞ ሁሉም ካምፕ ውሃ ዳር አይደለም፤ ደረቅ መሬት ላይ ያሉም አሉ፣ ለአንበሳና ለተኩላ እነሱ ይሻላሉ። «በምመጣበት ወር ታንኳ ይሠራል?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ለታንኳ ብሎ ሄዶ ሣር ላይ የቆመች ታንኳ ፎቶ አንስቶ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ።

ኬንያና ቦትስዋናን ሳወዳድር የኔ ሚዛን ወደ ኬንያ ያደላል። ቦትስዋና ተፈጥሮው ድንቅ ነው፤ ሰው ግን አይታይም። ማራ ላይ የሚነዳችሁ ልጅ ብዙ ጊዜ የባለመሬቱ ልጅ ነው። «ያ ዛፍ ሥር ነው ልጅ ሆኜ ጥጃ የምጠብቀው» ይላችኋል። ይህን የሚተካ የመዳብ ገንዳ የለም።

የቀሩት፣ በአጭሩ

ሴሬንጌቲ፣ ታንዛኒያ፦ መንጋውን ተከትለው በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚነቀሉ ተንቀሳቃሽ ካምፖች ያሉት እዚህ ነው። በየካቲት አካባቢ ደቡብ ላይ ዊልድቢስቶቹ ይወልዳሉ፤ ከሐምሌ በኋላ ሰሜን ወንዙ ዳር ናቸው። ግን ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ ከመንገድ መውጣትም የምሽት ጉዞም የለም። ስፋት ለሚወድ ሰው ነው። ስትመዘገቡ ካምፑ በዚያ ወር የት እንደሚተከል ጠይቁ፤ ስሙ አንድ ሆኖ ቦታው 100 ኪሎ ሜትር ሊርቅ ይችላል።

ደቡብ ሉዋንጓ፣ ዛምቢያ፦ በእግር መሄድ ለሚፈልግ ሰው አንደኛው ምርጫ። ኖርማን ካር የሚባል ሰው ጎብኚ በእግር ማዞር የጀመረው እዚያ ነው። በፊት መሣሪያ የያዘ ዘብ፣ ከኋላው አስጎብኚ፣ ከዚያ እናንተ በሰልፍ። የዝሆን ኮቴ ላይ ቆማችሁ የቆዳውን ስንጥቅ ታነባላችሁ። ከኅዳር ገደማ ጀምሮ ዝናቡ መንገዱን ስለሚወስደው ትንንሾቹ ካምፖች ተነቅለው በየዓመቱ እንደገና ይሠራሉ። ጥቅምት ላይ ሙቀቱ ያቃጥላል፤ ሰኔና ሐምሌ ይሻላል።

ናሚቢያ፦ እንስሳ ለመቁጠር አትሂዱ። ማኅበረሰብ ኮንሰርቫንሲ እንዲያቋቁም የፈቀደው ሕግ በ1996 ወጣ፣ የመጀመሪያዎቹ የማኅበረሰብ ኮንሰርቫንሲዎች በ1998 ተመዘገቡ፣ ዛሬ ከ80 በላይ ናቸው። ዳማራላንድ ውስጥ ከጠባቂዎች ጋር የጥቁር አውራሪስ ዱካ ተከትሎ መሄድ ብቻውን ለጉዞው ይበቃል። ቀዩ ድንጋይና ጸጥታው ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ሳፋሪ ነው።

ሳቢ ሳንድ፣ ደቡብ አፍሪካ፦ ነብር ለማየት ከዚህ የሚሻል አላውቅም። ግን አብዛኛው ማደሪያ ግንብ ነው እንጂ ሸራ አይደለም። ድንኳን ካሉ ሌላ ቦታ ነው።

አሁን ወደ ሸራው

ሦስት ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። ቋሚው ድንኳን እንጨት ወይም ሲሚንቶ ወለል ላይ የቆመ፣ ቧንቧና ቀኑን ሙሉ መብራት ያለው፣ አንዳንዴ የመዋኛ ገንዳም የጨመረ ነው። እውነቱን ለመናገር ግድግዳው ሸራ የሆነ ሆቴል ነው። ሁለተኛው በየወቅቱ የሚተከለው ነው። አልጋው ያው ምቹ ነው፤ ሻወሩ ግን ከድንኳኑ ጀርባ በገመድ የሚሰቀል ባልዲ ነው። «ሻወር!» ትላላችሁ፣ አንድ ሰው ከውጭ «ደርሷል!» ይላል፣ ከዚያ 20 ሊትር ያህል ሙቅ ውሃ አላችሁ። ፀጉራችሁ ላይ ሳሙናው ሳይወርድ ሊያልቅ ይችላል። ሦስተኛው አንድ ሌሊት ብቻ ሜዳ ላይ የሚታደርበት ነው፤ የወባ አጎበር፣ ፍራሽና ከዋክብት።

እኔ ሁለተኛውን እወዳለሁ። ምክንያቱ ድምፁ ነው። ግንብ የሆነ ነገር ሁሉ ድምፅ ይከለክላል። በሸራ ውስጥ ግን ጉማሬ ከራስጌህ ሁለት ሜትር ላይ ሣር ሲቀድ ይሰማሃል፤ ልክ ሰው ጨርቅ የሚቀድ ይመስላል። አንበሳ ሲያገሳ ስምንት ኪሎ ሜትር ርቆም ሊሰማ ይችላል፤ ሌሊት ግን ሁሉም ደጃፍ ላይ ያለ ነው የሚመስለው። የመጀመሪያው ሌሊቴ ላይ ጨለማ ውስጥ ገብቼ እግሬን ስዘረጋ አልጋው ውስጥ አንድ ሞቅ ያለ፣ ለስላሳ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ነካሁ። ዘልዬ ወጣሁ። የሙቅ ውሃ ላስቲክ ነበር፤ እንዳይበርደኝ ብለው ራት ላይ ሳለሁ አስገብተውልኝ። ጠዋት ካምፑ በሙሉ ሰምቶ ነበር።

የምትፈሩ ከሆነ ፍርሃታችሁን አትደብቁ፤ ስትመርጡ ተናገሩ። አብዛኞቹ ካምፖች አጥር የላቸውም። ሲመሽ ያለ ዘብ ከድንኳን መውጣት አይፈቀድም፤ ዘቡ እስከ ራት ወስዶ ይመልሳችኋል። ለአደጋ ጊዜ በሬዲዮ፣ በፊሽካ ወይስ በስልክ ነው የምትጠሩት? ድንኳኑ ከመመገቢያው ምን ያህል ይርቃል? ልጅ ካለ የዕድሜ ገደቡን ጠይቁ። ብዙ ካምፕ ከአምስትና ስድስት ዓመት በታች አይቀበልም፤ ለእግር ጉዞ ደግሞ 12 ወይም ከዚያ በላይ ይላሉ።

ገንዘቡ የት ነው የሚሄደው

«ሁሉን ያካተተ» የሚለውን ቃል ዝም ብላችሁ አትለፉት። አብዛኛውን ጊዜ ምግብ፣ መጠጥ፣ ጉዞዎቹና የኮንሰርቫንሲው ክፍያ ውስጡ አሉ። ትንሹ አውሮፕላን፣ የጥብቅ ስፍራው መግቢያና ጉርሻ ግን ውጭ ናቸው። ብቻውን የሚተኛ ሰው ተጨማሪ ይከፍላል፤ ውድ ባልሆነው ወቅት ግን ብዙዎች ይተዉታል፣ ስለዚህ ጠይቁ። ሚያዝያና ግንቦት ኬንያ ውስጥ ዝናብ ነው፣ ዋጋው ይወርዳል። የማራ አፈር መረሬ ነው። አንዴ ከረጠበ ላንድክሩዘር ሳይቀር እንደ ጭቃ ሹም ይዞ ያስቀምጣል። ጊዜ ያለው ሰው ግን ያን ወቅት አይንቀው፤ ሰማዩ ያምራል፣ ሰው የለም።

ከገንዘብ ምክሮቼ ሁሉ አጥብቄ የምለው ይህን ነው። በጣም ውድ ድንኳን ይዞ ከማያውቁት ስድስት ሰው ጋር መኪና ከመጋራት፣ መካከለኛ ድንኳን ይዞ የራስን መኪና መከራየት ይሻላል። ተጨማሪው በቀን በመቶዎች ዶላር ነው። ግን አንድ ዛፍ ሥር ሦስት ሰዓት መጠበቅ ስትፈልጉ «ቁርስ ደረሰ» የሚል የለም። አስጎብኚውም ከድንኳኑ ይበልጣል። ኬንያ ውስጥ የአስጎብኚዎቹ ማኅበር ፈተና ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ የሚባል ደረጃ አለው። ወርቅ የያዙት በጣም ጥቂት ናቸው። ብር ያለው ካገኛችሁ ታድላችኋል።

ለባለመሬቱ ምን ያህል ይደርሳል የሚለውም መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ነው። «ማኅበረሰቡን እንደግፋለን» የሚል መልስ መልስ አይደለም። በኤከር ስንት ትከፍላላችሁ? በየወሩ ነው? በቀጥታ ለባለመሬቱ ነው? ሥርዓት ያለው ካምፕ ይህን ሲጠየቅ አይደነግጥም፤ እንዲያውም ደስ ብሎት ያብራራል። ነገሩ እንከን የለውም ማለቴ ግን አይደለም። በ2020 ጎብኚ ሲጠፋ ብዙ ኮንሰርቫንሲዎች ኪራዩን ቀንሰው ለመክፈል ተገደዋል። ከብቱን ከግጦሽ አስወጥቶ ኪራይ የሚጠብቅ ቤተሰብ ያኔ በሁለት በኩል ነው የተጎዳው። ስለዚህ ካምፑን «በ2020 ኪራይ እንዴት ከፈላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁት። እኔ እንደዚህ ጠይቄ ከአንዱ ገጽ ሙሉ መልስ፣ ከሌላው ዝምታ አግኝቻለሁ። የመጀመሪያው ጋ ሄድኩ።

ከወሰናችሁ በኋላ የቀረው ሻንጣ ነው። በትንሹ አውሮፕላን ኬንያ ውስጥ 15 ኪሎ፣ ቦትስዋና ውስጥ 20 ኪሎ ነው የሚፈቀደው፤ ካሜራውም ከዚያው ይቆጠራል። ጎማ ያለው ጠንካራ ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ ስለማይገባ የጨርቅ ቦርሳ ያዙ። ሰማያዊና ጥቁር ልብስ የቆላ ዝንብ ይጠራል፣ ተዉት። የወታደር ልብስ የሚመስል ዥንጉርጉር ደግሞ ዛምቢያና ዚምባብዌ ውስጥ ለሲቪል በሕግ የተከለከለ ነው። ኬንያ ከነሐሴ 2017 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች። ከኤርፖርት የገዛችሁት ነገር በፌስታል ከሆነ አውሮፕላን ውስጥ ትታችሁት ውረዱ።